ስም ከመቃብር በላይ፦ ያረጁ የመቃብር ድንጋዮችና የተረሱ ስሞች

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ሰው አፈር ቢለብስም መልካም ስሙ አብሮት አይቀበርም ማለታቸው ነው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚጠራው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ልጆች ያስታውሳሉ፤ የልጅ ልጆች ደግሞ ከእነርሱ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ስሙ የሚገኘው ድንጋይ ላይ ብቻ ይሆናል። ድንጋዩም በዝናብና በውርጭ ተበልቶ ፊደሉ ሲጠፋ፣ ያ ሰው በምድር ላይ እንደ ነበረ የሚናገር ምን ይቀራል?

ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ወደ አንድ የአሜሪካ ገጠር እንሄዳለን። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ የዘለቁ ሰፋሪ ቤተሰቦች በጫካ መካከል ጎጆ ሲቀልሱ፣ በብዙ ቦታ ከተማም፣ የጸሎት ቤትም፣ የተከለለ የመቃብር ሥፍራም አልነበረም። ሰው ሲሞት ከእርሻው ዳር ውኃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ተመርጦ ይቀበራል። ቀጣዩም ሟች ከጎኑ ያርፋል። እንዲህ እያለ ቦታው የአንድ ቤተሰብ፣ ከዚያም የጎረቤቶቹ መቃብር ይሆናል። ልጆቹ መሬቱን ሸጠው ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ግን ዳዋ ይውጠዋል። ዛሬ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች እየፈለጉ በድንጋዮቹ ላይ የቀረውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛ ለአማኞች ግን ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለው።

በኮረብታው ላይ ያለው መቃብር

እ.ኤ.አ. በ1816 መጨረሻ፣ አናጺና ገበሬ የነበረው ቶማስ ሊንከን ባለቤቱን ናንሲን፣ የዘጠኝ ዓመቷን ሣራንና የሰባት ዓመቱን አብርሃምን ይዞ ከኬንታኪ ተነሣ። የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሮ በኢንዲያና ደን ውስጥ፣ ሊትል ፒጅን ክሪክ በሚባል ወንዝ አቅራቢያ ሰፈረ። ኢንዲያና ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነበር። የናንሲ አክስትና ባል፣ ኤልሳቤጥና ቶማስ ስፓሮውም ቆይተው ተከተሏቸው። ናንሲን ያሳደጓት እነርሱ ነበሩ።

በ1818 መኸር ወቅት «የወተት በሽታ» የሚሉት መቅሠፍት በሰፈሩ ገባ። ላሞች በጫካው ጥላ ሥር የሚበቅል ነጭ አበባ ያለው መርዘኛ ተክል ይበላሉ፤ መርዙ በወተታቸው በኩል ወደ ሰው ያልፋል። የጠጣው ሰው ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስታውከዋል፤ ብዙዎች በቀናት ውስጥ ይሞቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሰፋሪዎቹ የበሽታውን ምክንያት አያውቁም ነበር። የተክሉ መርዝ በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1920ዎቹ ነው። እናት ለልጅዋ የምትሰጠው ወተት ገዳይ እንደሆነ ማን ይጠረጥራል?

በመጀመሪያ ስፓሮውና ባለቤቱ ሞቱ። ጥቅምት 5 ቀን 1818 ደግሞ ናንሲ በ34 ዓመቷ አረፈች። ባልዋ አናጺ ነበርና የሬሳ ሣጥኑን በገዛ እጁ ሠራ። የዘጠኝ ዓመቱ አብርሃም የሣጥኑን የእንጨት ችንካሮች በቢላ እየጠረበ ለአባቱ እንዳቀበለ ይነገራል። ከጎጆው ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ ከስፓሮዎች አጠገብ ቀበሯት። በዚያው ሰሞን የሞተች አንዲት ጎረቤታቸውም፣ ናንሲ ብሩነር፣ እዚያው ተቀበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጉዳያችን ዋናው ነው። በ1830 የሊንከን ቤተሰብ ኢንዲያናን ለቆ ወደ ኢሊኖይ ሄደ። መቃብሩ በኮረብታው ላይ ብቻውን ቀረ፤ ዛፍ በቀለበት። በችንካር ጠረባው የሚታወሰው ልጅ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ባሪያዎች ነፃ እንዲወጡ አዋጅ አውጥቶ፣ በ1865 በጥይት ሲገደል እናቱ ስሟ የተጻፈበት ቋሚ ድንጋይ አልነበራትም። ዛሬ በመቃብሩ ላይ የሚታየውን የእብነ በረድ ድንጋይ በ1879 ያቆመው ፒተር ስቱድቤከር የተባለ የሠረገላ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ናንሲ ከሞተች 61 ዓመት አልፎ ነበር። የቀብሯም ቦታ የተለየው በሽማግሌዎች ትዝታ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ቀድመው ሞተው ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ የት ይቆም ነበር?

በድንጋዩ ላይ ዕድሜዋ 35 ተብሎ ተቀርጿል። የተወለደችው በ1784 የካቲት ወር ነው ከሚለው ተቀባይነት ካለው ቀን ሲቆጠር ግን የሞተችው በ34 ዓመቷ ነው። የፕሬዚዳንት እናት ሆና እንኳ የዕድሜዋ ቍጥር በ61 ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተዛነፈ፣ ከጎኗ የተኙት ገበሬዎችና ሕፃናት ዘንድ ምን ያህል እንደ ጠፋ መገመት አያዳግትም።

ስለ ቦታው ስንናገር አንድ ነገር ልንዘለው አይገባም። ሰፋሪዎቹ የደረሱበት መሬት ባዶ አልነበረም። ዴላዌርና ሾኒን የመሳሰሉ የአገሬው ሕዝቦች ሲያድኑበትና ሲኖሩበት የቆዩ፣ በውልና በጉልበት የተገፉበት ምድር ነው። እነርሱም ሙታናቸውን በዚያው አፈር ቀብረዋል፤ ስማቸውን የያዘ የተቀረጸ ድንጋይ ግን አናገኝም። የሰፋሪን መቃብር በክብር የሚመዘግብ ሰው ይህንንም በልቡ ይያዝ።

በመዝገብ ያልሰፈሩት

«የመንግሥት መዝገብ እያለ ድንጋይ መልቀም ለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ አጭር ነው፤ መዝገቡ ብዙዎቹን አያውቃቸውም። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የእያንዳንዱን ነፃ ነዋሪ ስም መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። ከዚያ በፊት የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር። ሚስትና ልጆች በፆታና በዕድሜ ተከፍለው በሠንጠረዥ ውስጥ ቍጥር ይሆናሉ። በባርነት የነበሩ ሰዎች ደግሞ በ1850ውም ቆጠራ ስማቸው አልተጻፈም። በኢንዲያና የሞት ምዝገባ በሕግ የተጀመረው በ1882 ነው።

እንግዲህ በ1820ዎቹ የሞተችን አንዲት ወጣት እናት አስቡ። በሕዝብ ቆጠራው ስሟ የለም። የሞት ምስክር ወረቀት የላትም። በስሟ የተገዛ መሬት የለም። በዚህ ምድር ላይ ስሟ የተጻፈው በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ፣ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን መዝገብና በመቃብርዋ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲፈርስ ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ሞተ ማለት ነው።

የአብርሃም እኅት ሣራም እንዲህ ካሉት ወጣት እናቶች አንዷ ናት። በ1826 አገባች፤ ጥር 20 ቀን 1828 በወሊድ ሳለች በ20 ዓመቷ ሞተች። ሕፃኑም በሕይወት አልተወለደም፤ ከእናቱ ጋር በሊትል ፒጅን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መቃብር ተቀበረ። አባቷ ቶማስ በ1823 የዚያች ጉባኤ አባል እንደ ሆነ የምናውቀው የቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ ስለ ተረፈ ነው። በአንዲት የገጠር ጉባኤ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ይጽፍ የነበረ ሰው፣ እጁ የጻፈው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንደሚነበብ አስቦ ነበር ብለን አናምንም። ሥራውን በታማኝነት ሠራ፤ እኛ ደግሞ በድካሙ ገባን።

ድንጋይም ያረጃል

ድንጋይ የማይጠፋ ይመስለናል። የመቃብር ድንጋይን በቅርብ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ድሆቹ ሰፋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት ከማሳው የተለቀመ፣ ምንም ያልተጻፈበት ተራ ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ውኃ ይገባበትና ውርጭ ሲመታው እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ ከነፊደሉ ይወድቃል። ውድ የነበረው እብነ በረድ ደግሞ አሲድነት ያለው ዝናብ ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው ፊቱ እንደ ስኳር ይፈረፈራል፤ ጥልቅ የነበረው ጽሑፍ ጥላ ብቻ ይሆናል። በዚህ ላይ የድንጋይ ሽበት ይለጠፍበታል፤ የዛፍ ሥር ይገፋዋል፤ ከብት ይታከክበታል።

የሚያስገርመው በዚያው በደቡብ ኢንዲያና ለቢላ መሳያ ይሸጥ ከነበረ ደቃቅ ድንጋይ የተሠሩ የመቃብር ድንጋዮች መኖራቸው ነው። ይህ ርካሽ የአገር ቤት ድንጋይ በብዙ ቦታ ከእብነ በረዱ የተሻለ ፊደሉን ጠብቆ ቆይቷል። ሰው በዋጋ የመረጠው ሟምቶ፣ ለቢላ መሳያ የታሰበው ምስክር ሆኖ ቀረ።

ስሙን በጥንቃቄ ስለ መመዝገብ

ይህን ሥራ በአካባቢያቸው ለመሥራት የሚፈልጉ ወገኖች ቢኖሩ፣ ልምድ ያላቸው መዝጋቢዎች የሚከተሉት መንገድ እነሆ።

መጀመሪያ ፈቃድ ነው። መቃብሩ በግል መሬት ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን፣ ካልሆነም የአካባቢውን አስተዳደር ሳይጠይቁ አይገባም። ቀጥሎ የቦታው ንድፍ ይሣላል፤ ሰሜን የት እንደ ሆነ ይመለከታል፤ እያንዳንዱ መቃብር ቍጥር ይሰጠዋል። ጽሑፍ የሌለው የማሳ ድንጋይና መሬቱ ጎድጎድ ያለበት ስፍራም ይቈጠራል፤ በሥሩ ሰው አለና። ብዙዎቹ የድሮ ክርስቲያን መቃብሮች እግራቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ሙታን ሲነሡ ፊታቸው ወደ ንጋት ይሆናል በሚል ተስፋ የተቀበሩ ናቸው። ያ ያልተጻፈበት ድንጋይ ስም ባይነግረንም እምነት ይነግረናል።

ከዚያ ንባብ ነው። የደበዘዘ ጽሑፍ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው አይነበብም። በመስታወት ብርሃኑን ከጎን አግድም ሲያሳርፉበት ግን እያንዳንዱ ፊደል ጥላ ያወጣል፤ ጠፍቷል የተባለው ስም ብቅ ይላል። ፎቶግራፉ ያን ጊዜ ይነሣል፤ ሙሉ ድንጋዩ፣ ጽሑፉ በቅርብ፣ ጀርባውና በዙሪያው ያለው ቦታ።

የተነበበው እንዳለ፣ መስመር በመስመር ይገለበጣል። የፊደል ግድፈት ቢኖር አይታረምም፤ ቀራጺው የተሳሳተው ስሕተት ራሱ ታሪክ ነው። የማይነበበው ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል እንጂ በግምት አይሞላም። በናንሲ ድንጋይ ላይ 35 ከተባለ 35 ተብሎ ይጻፋል፤ ማብራሪያው ከሥር ለብቻው ይቀመጣል። ብዙ ድንጋዮች የልደት ቀን የላቸውም፤ ሟቹ ስንት ዓመት፣ ስንት ወርና ስንት ቀን እንደ ኖረ ብቻ ይናገራሉ። ከሞቱ ቀን ወደ ኋላ በመቍጠር ልደቱ ይገኛል። የአንድን ሕፃን ዕድሜ በቀን ቈጥረው ያስቀረጹ ወላጆች እያንዳንዱ ቀን ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ነግረውናል።

የማይደረገውን ማወቅ ከሚደረገው ይበልጣል። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ ብለው የጺም መላጫ አረፋ፣ ዱቄት ወይም ጠመኔ የሚቀቡ አሉ፤ ቅሪቱ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይጎዳዋል። በረኪና በውስጡ ጨው ይተውና ከጊዜ በኋላ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። የብረት ብሩሽና በኃይል የሚረጭ ውኃ የቀረውን ፊደል ያጠፋሉ። ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከተፈረፈረ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። የወደቀውን አቁሞ በሲሚንቶ ማሰርም ለባለሙያ እንጂ ለእኛ አይደለም። መልካም ለማድረግ በሚቸኩል እጅ የጠፉ ድንጋዮች ጥቂት አይደሉም።

በመጨረሻ የተሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ከመሬት ውልና ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይመሳከራል። ቅጂው ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍትና ለታሪክ ማኅበር ይሰጣል፤ በ1995 እንደ ተጀመረው ፋይንድ ኤ ግሬቭ ባሉ ድረ ገጾች ላይም ይቀመጣል። በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ የቀረ መዝገብ ሌላ መቃብር ነው።

ታዲያ ይህ ተዝካር አይደለምን?

ከእኛ መካከል «ጌታ ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ አላለምን? መቃብር ላይ ምን አስቀመጠን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ከቅን ልብ ነው። ወንጌላውያን አማኞች ለሙታን አንጸልይም፤ ሙታንም ይለምኑልናል አንልም። ከዚህ የምንወጣበት ምክንያት የለም። ጌታችንም የነቢያትን መቃብር እያስጌጡ የነቢያትን ቃል የማይሰሙትን አጥብቆ ገሥጿል (ማቴ. 23፥29-31)። ድንጋይ አጥቦ ሕያው ጎረቤቱን የሚረሳ ሰው ተግሣጹ ይመለከተዋል።

ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት መቃብርን በግዴለሽነት አያዩም። አብርሃም ሣራን ለመቅበር የመክፈላን እርሻ በአራት መቶ ሰቅል ብር ሲገዛ፣ ዋሻውም ዛፎቹም ዳርቻውም ሳይቀር ተዘርዝሮ ተጽፏል (ዘፍ. 23)። ያዕቆብ በራሔል መቃብር ላይ ሐውልት አቁሟል (ዘፍ. 35፥20)። ንጉሥ ኢዮስያስ የጣዖት መሠዊያዎችን ሲያፈርስ አንድ የመቃብር ምልክት አየና የማን እንደ ሆነ ጠየቀ። የከተማይቱ ሰዎች የእግዚአብሔር ሰው መቃብር መሆኑን ሲነግሩት አጥንቱን ማንም እንዳይነካ አዘዘ (2ኛ ነገ. 23፥17-18)። ልብ በሉ፤ ጣዖትን ያለ ርኅራኄ የሰባበረው ያው ንጉሥ መቃብሩን አከበረ። ማምለክና ማክበር የተለያዩ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። የድንጋዩም ታሪክ የታወቀው ሊነግሩት የሚችሉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ከምርኮ የተመለሱት ካህናትም በትውልድ መዝገብ ስማቸውን ፈልገው ያጡ ጊዜ ምን እንደ ደረሰባቸው ዕዝራ ጽፎልናል (ዕዝ. 2፥62)። መዝገብ ሲጠፋ የሚጎዳው ሙት ሳይሆን ሕያው ነው።

የእኛስ?

ይህ የሌላ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። በአሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን የምናመልከው የቀደሙ ምእመናን በሠሩት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም ከጎኑ ያረጀ መቃብር አለው። በየእሑዱ መኪናችንን ከአጠገቡ እናቆማለን። አንድ ቅዳሜ ወጣቶቻችን ከአስተናጋጁ ጉባኤ ሽማግሌዎች ጋር ሆነው እነዚያን ስሞች ቢመዘግቡ፣ ለተቀበሉን ሰዎች የምንመልሰው ምስጋና ይሆናል።

በአገር ቤትም ወንጌላውያን አማኞች የመቃብር ቦታ ተከልክለው ሬሳ ይዘው የተንከራተቱበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ በጭንቅ በተገኘች መሬት ላይ የተቀበሩት አባቶችና እናቶች የእምነታችን ታሪክ ናቸው። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ይለቃል፤ ከተማም ሲሰፋ መቃብር ይነሣል። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቀደሙ አባላቷን ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ ያረፉበትን ቀንና የድንጋዩን ፎቶግራፍ የያዘ አንድ መዝገብ ብታዘጋጅ ብዙ ወጪ አያስከትልባትም። ዓመተ ምሕረቱ በድንጋዩ ላይ እንዳለ ይጻፍ፤ የእኛ ይሁን የፈረንጆቹ አቈጣጠር ተለይቶ ይጠቀስ። አለበለዚያ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የልጅ ልጆቻችንን ግራ ያጋባል።

ይህን ሁሉ አድርገንም የማናገኛቸው ስሞች ይኖራሉ። በፒጅን ክሪክ ኮረብታም፣ በአገራችንም ተራራ ሥር፣ ማንም የማያነባቸው ብዙ መቃብሮች አሉ። በዚህ ተስፋ አንቈርጥም። ሙሴ ራሱ መቃብሩን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም (ዘዳ. 34፥6)፤ የቀበረው እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። የእኛ መዝገብ ጎደሎ ነው፤ የእርሱ አይጎድልም። ሕዝቡን በመዳፉ እንደ ቀረጸ በነቢዩ ተናግሯል (ኢሳ. 49፥16)፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ስማቸው በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነግሯቸዋል (ሉቃ. 10፥20)። ያን ጽሑፍ ዝናብ አያሟሟውም፤ ውርጭም አይልጠውም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ስምዎ በዚያ መዝገብ ተጽፏልን? ይህን ጥያቄ በሕይወት ሳሉ ይመልሱት፤ የመቃብር ድንጋይ ሊመልስልን የማይችለው ጥያቄ ይህ ብቻ ነውና። የተጻፈልን ደግሞ፣ ከእኛ በፊት የሮጡትን ስማቸውን በጥንቃቄ ጽፈን ለሚመጣው ትውልድ እናቀብል።

ጌታ ሆይ፣ እኛ የረሳናቸውን አንተ ስላልረሳህ እናመሰግንሃለን። ከእጃችን ሳይጠፋ የቀረውን እንድንጠብቅ ታማኝነትን ስጠን። አሜን።